ፌኖል ያለበትን የፋብሪካ ፍሳሽ በአኩሪ አተር ገለፈት ማጣራት፦ ለድሬዳዋ አነስተኛ አምራቾች የአሠራር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ፍሳሽ «ወንዝ ገባ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወንዙ ውሃ የለውም። ደቻቱ ጎርፍ ከሚወርድባቸው ቀናት ውጪ አሸዋ ነው፤ የተደፋበትን ይዞ አይሄድም፣ እዚያው ያሰርገዋል። ከተማዋ የምትጠጣው ደግሞ ከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ክሪዮሊን የሚቀምም፣ የሬንጅ ወይም የሙጫ ሬዚን የሚያበስል፣ ወይም የማቅለሚያ ገንዳ የሚያጥብ ሁሉ ፌኖል የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበትን ፍሳሽ በሌላ ውሃ አቅጥኖ ሊገላገለው አይችልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አካባቢን መበከልን ይከለክላል።

ይህ መመሪያ ፐርኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ከአኩሪ አተር ገለፈት አውጥቶ 500 ሊትር ፍሳሽ በአንድ ጊዜ ለማከም ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሌክሳንደር ክሊባኖቭና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ሆርስራዲሽ ከተባለ ሥር በወጣ ፐርኦክሲዴዝ ፌኖልን ከውሃ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ያ ሥር እኛ ጋ አይገኝም፣ ተጣርቶ የሚሸጠው ኢንዛይምም ውድ ነው። የአኩሪ አተሩ ግን ከክክ የሚተርፍ ነገር ነው፤ ሙቀትንም ከሆርስራዲሹ የበለጠ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንዛይሙ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነቃና ከፌኖል ላይ አንድ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። የተነጠቁት የፌኖል ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ውሃ ውስጥ መሟሟት ያቅተውና ይዘቅጣል። ፌኖሉ አልጠፋም፣ ከውሃ ወደ ዝቃጭ ተዛወረ እንጂ። ይህን የዘነጋ ሰው ውሃውን አጥርቶ ዝቃጩን ግቢው ውስጥ ይደፋዋል።

የሚሠራውና የማይሠራው

ፌኖል፣ ክሬዞል፣ ክሎሮፌኖልና አኒሊን ይያዛሉ። ቤንዚን ቀለበት (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ስድስት ካርቦን የተያያዘበት ቀለበት) ላይ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ወይም የአሚን ቡድን የተንጠለጠለበት ሁሉ ዕድል አለው። ቲነር ውስጥ ያለው ቶሉዊንና ዛይሊን፣ እንዲሁም ቤንዚኑ ራሱ አይነኩም፤ ኢንዛይሙ የሚይዝበት እጀታ የላቸውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም እንደዚያው። ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች ሌላ መንገድ ፈልጉ፣ ገለፈት አትግዙ።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጣል፦ የፌኖሉን ፍሳሽ ከምንጩ ለዩት። የማብሰያ ጋኑ የመጀመሪያ እጥበት ጥቂት መቶ ሊትር ቢሆንና 200 ሚሊ ግራም በሊትር ፌኖል ቢኖረው ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ያው ውሃ ከወለል እጥበትና ከመጸዳጃ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ሃያ እጥፍ ፈሳሽ ታክማላችሁ፤ በዚያ ላይ የመጸዳጃው ባክቴሪያ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለው ፐርኦክሳይዳችሁን ሥራ ላይ ሳይውል ወደ ኦክስጅን አረፋ ይለውጠዋል። አንድ ተጨማሪ የፕላስቲክ ቱቦና አንድ ሮቶ ከየትኛውም ኬሚካል ርካሽ ነው።

የሚያስፈልገው

አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ሮቶ፣ ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቧንቧ የተበጀለት። የብረት በርሜል አይሆንም፤ ዝገት ፐርኦክሳይድን ይበትናል። ቀስ ብሎ የሚዞር ማማሰያ፣ ቧንቧ ያለው ባለ 10 ሊትር ጀሪካን፣ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) መለኪያ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨርቃ ጨርቅ የሚያነጡ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት 50 ወይም 35 በመቶው ይበቃል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል 3350፣ አልሙኒየም ሰልፌት፣ ሰልፈሪክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ። ለልኬት ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ የሌላችሁ የድሬዳዋ ወይም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን የኬሚስትሪ ክፍል ጠይቁ፣ ሳይለኩ መሥራት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ገለፈቱን ስትገዙ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀድሙ፦ አተሩ ሳይቆላ ነው የተከካው? አኩሪ አተር ለምግብ ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ ይቆላል ወይም በእንፋሎት ይበስላል፤ ያ ገለፈት ሲታይ ምንም አልሆነም፣ ኢንዛይሙ ግን ሞቷል። ጥሬ፣ ደረቅ፣ ሻጋታ የሌለበት ይሁን። ሲፈጭ የሚነሳውን አቧራ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባርሴሎና ወደብ ላይ አኩሪ አተር ሲራገፍ በተነሳ አቧራ የከተማው ሰው በአስም እየታፈነ ሆስፒታል ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የተገኘው እዚሁ ገለፈት ውስጥ ነው። ጭምብል አድርጉ፣ ከተቻለ ውሃ እየረጫችሁ ፍጩ።

ኢንዛይሙን ማውጣት

ገለፈቱን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ እስኪሆን አድቅቁት። አንድ ኪሎ በ10 ሊትር ንጹህ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ለሁለት ሰዓት አማስሉ። ለ500 ሊትር ፍሳሽ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ገለፈት ይዛችሁ ተነሱ፤ ትክክለኛውን ቀጥሎ ያለው ልኬት ይነግራችኋል። በድርብ ሻሽ አጥልላችሁ ጨምቁት፣ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡና ከላይ የጠለለውን ቅዱ። ፈሳሹ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል።

ይህ ፈሳሽ ስኳርና ፕሮቲን አለበት። በሚያዝያና በግንቦት የድሬ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስ ጧት የወጣው ማታ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ በወጣበት ቀን ተጠቀሙበት። ማቀዝቀዣ ካላችሁ 4 ዲግሪ ላይ ያድራል። የተጨመቀው ገለፈት ውሃ ብቻ ስለነካው ለከብትና ለፍየል መስጠት ይቻላል፤ ፍሳሽ የነካ ገለፈት ግን ፈጽሞ።

ጉልበቱን መለካት

ገለፈት ከገለፈት ይለያያል፤ እንደ ዝርያው፣ እንደ አከካኩና እንደ አቀማመጡ ጉልበቱ እጥፍ ድርብ ሊራራቅ ይችላል። ስለዚህ በኪሎ ሳይሆን በዩኒት አስቡ። አንድ ዩኒት በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ፐርኦክሳይድ የሚያሠራ የኢንዛይም መጠን ነው።

መለኪያ ፈሳሹን በፒኤች 7.4 የፎስፌት በፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ፈሳሽ) አዘጋጁ፦ በሊትር 0.94 ግራም ፌኖል፣ 0.49 ግራም 4-አሚኖአንቲፓይሪን፣ እንዲሁም መጨረሻ ላይ የሚገባ 0.2 ሚሊሞላር (በሊትር 0.2 ሚሊሞል) ፐርኦክሳይድ። በፈሩን በተጣራ ውሃ ሥሩት፤ የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ከፎስፌት ጋር ይደፈርሳል፣ ንባቡም ይበላሻል። የገለፈቱን ፈሳሽ አሥር እጥፍ አቅጥናችሁ 0.05 ሚሊ ሊትር ወደ 0.95 ሚሊ ሊትር መለኪያ ፈሳሽ ጨምሩና 510 ናኖሜትር ላይ ቀይ ቀለሙ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚጨምር አንብቡ።

ስሌቱ አጭር ነው፦ በደቂቃ የጨመረውን ንባብ በ28.2 አባዙ፤ የሚወጣው ያልቀጠነው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ስንት ዩኒት እንዳለው ነው። ይህ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቬት (ፈሳሹ የሚነበብበት ትንሽ ዕቃ) እና ለአሥር እጥፍ ቅጥነት ነው። ለምሳሌ 0.177 ካነበባችሁ 5 ዩኒት በሚሊ ሊትር ማለት ነው። ንባቡ ከ0.2 ከበለጠ ይበልጥ አቅጥኑት፤ ፐርኦክሳይዱ ቶሎ እያለቀ ያሳንስባችኋል።

ፐርኦክሳይዱንም አትመኑት። ጀሪካኑ ላይ 50 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረው ጉልበት ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ፐርኦክሳይድ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ወደ 10 ሚሊሞላር አቅጥናችሁ በኳርትዝ ኩቬት 240 ናኖሜትር ላይ አንብቡት፤ ሙሉ ጉልበት ካለው 0.436 ያሳያል። 0.35 ካሳየ አንድ አምስተኛው ሄዷል፣ መጠኑን በአንድ አራተኛ ጨምሩ።

ጃር ቴስት

ጃር ቴስት ማለት መጠኑን አስቀድሞ በትንሽ ብርጭቆ መሞከር ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሮቶው ሥራ የሚበላሸው ወይም የሚቃናው በብርጭቆ ነው።

መጀመሪያ ፍሳሹ ውስጥ ያለውን ፌኖል ለኩ። በፒኤች 10፣ በ4-አሚኖአንቲፓይሪንና በፖታሲየም ፌሪሲያናይድ፣ 510 ናኖሜትር ላይ የሚደረገው የተለመደው ልኬት ይበቃል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፦ ፓራ-ክሬዞልን በደንብ አያየውም። ክሪዮሊን የምትቀምሙ ሰዎች ጥሬ ዕቃችሁ ክሬዞል ስለሆነ በዚህ ልኬት ብቻ «ንጹህ ነው» እንዳትሉ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኤችፒኤልሲ በተባለው፣ እያንዳንዱን ኬሚካል ለይቶ በሚለካው መሣሪያ አስመርምሩ።

ምሳሌያችን 188 ሚሊ ግራም በሊትር ይሁን፣ ይህም 2 ሚሊሞላር ነው። ፒኤቹን ከ6.5 እስከ 7.5 አድርጉት። ከማቅለሚያ የመጣ ፍሳሽ ፒኤቹ 10 እና ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል ሰልፈሪክ አሲድ ይፈልጋል፤ ሰልፋይድ ካለበት ግን አሲዱን ከመጨመራችሁ በፊት «ሲበላሽ» የሚለውን ክፍል አንብቡ። በስድስት ብርጭቆ 500 ሚሊ ሊትር ቅዱ። ለሁሉም እኩል ኢንዛይም፣ ለምሳሌ 3 ዩኒት በሚሊ ሊትር፣ ጨምሩ። 50 በመቶውን ፐርኦክሳይድ 6.8 ግራም መዝናችሁ በአንድ ሊትር ውሃ በማቅጠን 0.1 ሞላር አዘጋጁ፤ ከዚህ ለየብርጭቆው 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 16 ሚሊ ሊትር ስጡ፣ በአንዴ ሳይሆን በአራት አምስት ጊዜ እየከፈላችሁ። ሦስት ሰዓት አማስሉ፣ አጣሩ፣ የቀረውን ፌኖል ለኩ።

በወረቀት ላይ ሁለት ፌኖል ለማያያዝ አንድ ፐርኦክሳይድ ይበቃል። ሰንሰለቱ ሲረዝም ግን የተያያዙትም ደግመው ስለሚነጠቁ ፍጆታው ወደ አንድ ለአንድ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። ከምርጡ በታች ከሆናችሁ ፌኖል ይቀራል፤ ከምርጡ በላይ ከሄዳችሁ ትርፉ ፐርኦክሳይድ ኢንዛይሙን ራሱን ይገድልና ፌኖሉ እንደገና ከፍ ይላል። ግራፉ ጎድጓዳ ይወጣል፤ የምትፈልጉት ከጎድጓዳው ሥር ያለውን ነው።

ያ ከታወቀ በኋላ ፐርኦክሳይዱን እዚያ አቁማችሁ ኢንዛይሙን ከ0.5 እስከ 3 ዩኒት እየቀያየራችሁ ድገሙት። ከዚያ በግማሾቹ ላይ 100 ሚሊ ግራም በሊትር ፖሊኢትሊን ግላይኮል ጨምሩ። እየተሠራ ያለው ዝቃጭ ኢንዛይሙን ይዞት እንዳይወርድ ይከላከላል፤ ለሆርስራዲሹ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፣ ለአኩሪ አተሩ ያንሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ የዋጋውን ያህል ገለፈት ያተርፋል።

የሮቶው ቀን

ጃር ቴስቱ 1.2 ፐርኦክሳይድ ለአንድ ፌኖል፣ እንዲሁም 1.5 ዩኒት በሚሊ ሊትር ሰጠ እንበል።

1. 500 ሊትር ፍሳሽ ሮቶው ውስጥ አስገቡ። በጥልፍልፍ አጣሩት፣ ከላይ የተንሳፈፈ ዘይት ካለ ግፈፉት። ፒኤች 7 አድርጉ።

2. 50 ግራም ፖሊኢትሊን ግላይኮል በሁለት ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ።

3. የሚያስፈልገው ኢንዛይም 750,000 ዩኒት ነው። የገለፈቱ ፈሳሽ 5 ዩኒት በሚሊ ሊትር ከሆነ 150 ሊትር ይገባል። ለዚህ ነው ሮቶው የፍሳሹ እጥፍ እንዲሆን የተባለው።

4. ፌኖሉ በጠቅላላ አንድ ሞል ስለሆነ ፐርኦክሳይዱ 1.2 ሞል፣ ማለትም 40.8 ግራም ንጹህ ነው። ከ50 በመቶው 82 ግራም ወይም 68 ሚሊ ሊትር፣ ከ35 በመቶው 117 ግራም መሆኑ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ በ9 ሊትር ውሃ አቅጥኑት።

5. ማማሰያው እየዞረ ጀሪካኑን በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር እንዲያንጠባጥብ አድርጉ፣ በ90 ደቂቃ ያልቃል። ጠብታው የሚወድቀው ውሃው በሚሽከረከርበት ቦታ ይሁን።

6. ካለቀ በኋላ ሌላ 90 ደቂቃ አማስሉ።

7. 65 ግራም አልሙኒየም ሰልፌት በውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሃያ ደቂቃ በዝግታ አማስሉና ማማሰያውን አጥፉ። የኛ ውሃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛው ፒኤቹ ብዙ አይወርድም፤ ከ6 በታች ከሄደ ኖራ ጨምሩ።

8. አሳድሩት። ጧት የጠለለውን ከፍ ብሎ ባለው ቧንቧ አውጡና በአሸዋ ማጣሪያ አሳልፉ።

ሥራው እየሄደ መሆኑን በዓይን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከወደቁ ከደቂቃዎች በኋላ ውሃው ቢጫ፣ ከዚያ የሻይ ቀለም ይይዛል፤ ቀጥሎ ይደፈርስና ቡናማ ብናኝ ይቋጥራል። ብናኙ በብርጭቆ ተቀድቶ ሲቆም ከሥር መውረድ አለበት።

ውሃውን ከመልቀቃችሁ ወይም ወደ ባዮሎጂ ማጣሪያ ከማስገባታችሁ በፊት የተረፈ ፐርኦክሳይድ መኖሩን በመመርመሪያ ወረቀት እዩ። ካለ አንድ ሌሊት ይጨመርለት፣ ወይም ትንሽ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይግባ። ፐርኦክሳይድ ኬሚካዊ የኦክስጅን ፍላጎት (ውሃው ውስጥ ያለውን ብክለት ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን) ሲለካ ራሱ እንደ ብክለት ይቆጠራል፤ አንድ ሚሊ ግራሙ ንባቡን በግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ያሳብጠዋል።

ስለ እጅና ዓይን

50 በመቶ ፐርኦክሳይድ ቆዳን አንጥቶ ያቃጥላል፤ ጨርቅና ደረቅ ገለፈት ላይ ከፈሰሰ እሳት ያስነሳል። የገለፈቱን ማዳበሪያ ከእርሱ ጋር አንድ ክፍል አታስቀምጡ፤ ክዳኑም የሚተነፍስ ይሁን፣ በድሬ ሙቀት የታፈነ ጀሪካን ይነፋል፣ ይፈነዳልም። የተከማቸ ፌኖል ደግሞ ቆዳን ያደነዝዛልና ሰው ሳይሰማው በቆዳው በኩል ወደ ደም ይገባል። ወፍራም ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ብዙ ውሃ የሚያወርድ ቧንቧም አይጥፋ።

ዝቃጩ

ከአንድ ሮቶ የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ግን ፌኖሉ ሁሉ እዚያ ነው። ሥሩ በሲሚንቶ ወይም በወፍራም ፕላስቲክ የተለበጠ የአሸዋ መደብ ላይ አንጥፉት፤ ከሥር የሚንጠባጠበው ወደ ሮቶው ይመለስ። የድሬ ፀሐይ በጥቂት ቀን ያደርቀዋል። መደቡን በምንም ምክንያት ወንዝ ዳር አትሥሩ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከላይ፣ ከሐረርጌ ተራራ ነበር የመጣው፤ ከተማው ላይ ዝናብ አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። የደረቀውን ከረጢት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡና የከተማውን አካባቢ ጥበቃ የት እንደሚወገድ ጠይቁ። አታቃጥሉት፤ ክሎሮፌኖል ካለበት ጭሱ ዳዮክሲን ሊይዝ ይችላል። ፍየል ከማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ሲበላሽ

ፐርኦክሳይዱ ሲገባ ነጭ አረፋ ከተንተከተከና ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ፐርኦክሳይዱን ሌላ ነገር እየበተነው ነው። ዝገት፣ መዳብ፣ ወይም የቆየ ፍሳሽ ውስጥ የፈላ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ልብስ አንጥተው የሚያጥቡ ክፍሎች ከማንጣት በኋላ ካታሌዝ ሆን ብለው ይጨምራሉ፤ የእነርሱ መስመር ከእናንተው ሮቶ ጋር ከተገናኘ የፈለገውን ያህል ፐርኦክሳይድ ብትጨምሩ ከንቱ ነው። መስመሩን ለዩ።

አረፋም ቀለምም ከሌለ፣ ፐርኦክሳይዱን አንድ ነገር ዝም ብሎ እየበላው ነው። የሰልፈር ጥቁር ማቅለሚያ ሰልፋይድ ያመጣል፤ የቫት ማቅለሚያ ሃይድሮሰልፋይት ያመጣል። ሰልፋይዱ በዚያ ላይ ኢንዛይሙን ራሱን ያግደዋል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ምልክቱ ነው። ፒኤቹን ሳትነኩ ፍሳሹን ጥቂት ሰዓት አየር አንፉበት፣ ከዚያ ጃር ቴስቱን ድገሙ። አሲድን አስቀድማችሁ ከጨመራችሁ ሰልፋይዱ መርዛማ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

ውሃው ቀልቶ ወይም ጠቁሮ አልዘቅጥ ካለ ሰንሰለቱ አጥሮ ቀርቷል፤ ተያይዟል ግን ገና ይሟሟል። አብዛኛውን ጊዜ ኢንዛይሙ ሳይጨርስ ሞቷል። ይህን ውሃ «ፌኖል የለውም» ብሎ መልቀቅ አደገኛ ነው፤ በመሃል የሚፈጠሩት ኩዊኖኖች ከፌኖሉ የባሰ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። የኢንዛይሙን ሩብ አስቀርታችሁ መሃል ላይ ጨምሩ፣ ማንጠባጠቡንም አዘግዩ።

በብርጭቆ ሠርቶ በሮቶ እምቢ ካለ ማማሰያውን ተጠራጠሩ። ጠብታው ቆሞ ያለ ውሃ ላይ ከወደቀ በዚያች ቦታ ፐርኦክሳይዱ በዝቶ ኢንዛይሙን ይፈጃል፣ ሌላው ጥግ ደግሞ ምንም አይደርሰውም።

ፌኖሉ ወርዶ የኦክስጅን ፍላጎቱ ከፍ ካለ የገለፈቱ ስኳርና ፕሮቲን ነው። የማውጫውን ውሃ ቀንሳችሁ ፈሳሹን አወፍሩት፣ ወይም ከዚህ ሥራ በኋላ ተራ የባዮሎጂ ማጣሪያ አስከትሉ፤ ስኳሩን ባክቴሪያ በቀላሉ ይጨርሰዋል።

ፌኖሉ ከ900 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ከሆነ የኢንዛይሙ ፍጆታ ከፌኖሉ ቀድሞ ስለሚያሻቅብ በአንድ ዙር አትሞክሩት። በጠለለ የትናንት ውሃ አቅጥኑት። አዲስ ማዳበሪያ ገለፈት በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የዩኒት ልኬቱን ከእንደገና ሥሩ፤ ያለፈው ከረጢት 5 መስጠቱ ለዚህኛው አይመሰክርም።